ዶሮ ጌሾ አትበላም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጸሐፊ ደወለልኝ። ሰላምታውን ቶሎ ጨረሰና "ጋሼ፣ ቃለ ተውኔት መጻፍ የት ነው የተማሩት?" አለኝ። የተለመደውን መለስኩለት። ዩኒቨርሲቲ፣ ንባብ፣ ልምምድ ክፍል ውስጥ መዋል፣ ከተዋናይ አለመጣላት። አመስግኖ ዘጋ።

እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። የነገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ መልሱ ግን እሱ አልነበረም። ቃለ ተውኔት ያስተማሩኝ እናቴና ጎረቤታችን ናቸው። የትምህርቱ ርእስ ጌሾ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሆነች መንደር ነው። ጠዋት ደመናው ሲገለጥ የጮቄ ተራራ ከሩቅ ይታያል። የእኛን ግቢና የጎረቤታችንን ግቢ የሚለየው አንድ የእሾህ አጥር ነው። ጎረቤታችንን እኛ ልጆቹ "እትዬ" ብቻ ነበር የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቻቸው ዛሬም ከእኛ ቤት ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው።

እማዬ ጓሮ ውስጥ አምስት እግር ጌሾ ነበራት። አንድ ጠዋት ስትወጣ ሁለቱ ተመልምለዋል። ማን እንደመለመላቸው ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር። እማዬ ግን ወደ እትዬ ቤት አልሄደችም። አልጮኸችም። ደጅ ቁጭ ብላ ጥጥ መፍተል ጀመረች። እትዬ እህል ሊያሰጡ እስኪወጡ ጠበቀች። ወጡ። እማዬ እንዝርቷን አስቀመጠችና ብድግ ብላ ዶሮዋን ማባረር ያዘች።

"እሽ! አንቺ ሌባ! ትናንት ገብሱን፣ ዛሬ ደግሞ ጌሾውን? ምነው እጅሽን በቆረጠው!"

ዶሮ እጅ የላትም። ዶሮ ጌሾም አትበላም። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዶሮዋም ሳታውቅ አትቀርም።

እትዬ ቀና አላሉም። እህሉን በእጃቸው እየበተኑ እግራቸው ሥር ለተኛችው ድመት ተናገሩ። "ተኚ አንቺ፣ ምን ያስበረግግሻል? ጠላ ሲጠመቅ ያልተጠራ ሰው፣ ጌሾ ሲጎድል ይጠራል። የዘንድሮ ጉርብትና እንዲህ ሆኗል።"

እማዬ ባለችበት ቆመች። ዶሮዋም ዕድሉን አገኘችና አጥሩ ላይ ወጣች።

ለካ ነገሩ ጌሾው አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤታችን ዝክር ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ እትዬ ብቻ ቀርተዋል። እማዬ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አጥር ላይ ላለችው ዶሮ፣ "አንቺን ልጅ ልኬብሽ አልነበር እንዴ? ልጁ ታዲያ ምን ብሎሽ ሄደ?" አለቻት።

ዶሮዋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ልጁ እኔ ነበርኩ። የዝክሩ ዕለት ሜዳ ላይ ጨዋታ ይዞኝ መልእክቱን ረሳሁት። ማታ ስጠየቅ ደግሞ "ነግሬያቸዋለሁ" ብዬ ዋሸሁ።

ሁለቱ ሴቶች እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

የተገረፍኩትን አልተርክም። ማታ በአጥሩ ላይ አንድ ማሰሮ ጠላ ተሻገረ። በማግስቱ ማሰሮው ተመለሰ፤ ባዶውን ግን አልነበረም፣ ሽምብራ ነበረበት። ስለ ጌሾው፣ ስለ ዝክሩ፣ ስለ ዶሮዋ ሁለቱ አንድ ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ተውኔት ስጽፍ ከዚያ ጠዋት የተሻለ ትዕይንት ጽፌያለሁ ብዬ አላምንም። አንዷ ስለ ጌሾ ትከሳለች። ሌላዋ ስለ ዝክር ትመልሳለች። ጥፋተኛው ጥግ ላይ ቆሞ እግሩን ያካል። አንድም ሰው የልቡን በቀጥታ አልተናገረም፤ ያልገባው ሰው ግን አልነበረም።

ገጠር አደግሁ ስል ሰዎች ፊታቸው ይበራል። ወዲያው ዋሽንት፣ አደይ አበባ፣ ጠዋት የሚታለብ ወተት ይታያቸዋል። እኔ እረኝነትን አልወደድኩትም። ክረምት ላይ ገሳ ለብሼ ዝናብ ውስጥ መቆም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ውርጭ በወረደ ጠዋት ባዶ እግር ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ። ያኔ አንድ ዘዴ ነበረን። የተኛችን ላም ቀስ ብሎ ማስነሣት። ላሟ የተነሣችበት ቦታ ትኩስ ነው። ሮጦ እዚያ ላይ መቆም ነው። አንድ ላም ለሁለት ልጅ አትበቃም፤ ስለዚህ ጠብ ነበር። እስካሁን "ምቾት" የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሶፋ አይደለም፣ የላም ገላ ያሞቀው መሬት ነው።

ግን አልክድም፣ ቴአትር የሚባለውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ መድረክ በዓይኔ አላየሁም። መጋረጃ ሲከፈት አላየሁም። ነገር ግን በየሌሊቱ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው አንድ ሰው ተነሥቶ ሌላው ዝም ይል ነበር።

እንቆቅልሽን አስታውሱ። "እንቆቅልህ!" "ምን አውቅልህ!" መልሱ ከጠፋህ አገር ትሰጣለህ። እኛ ልጆቹ ያላየነውን አገር ሁሉ ሰጥተናል። ጎንደርን አንድ ሺህ ጊዜ ሰጥቻለሁ። አገሩን የተቀበለው ልጅ ደግሞ እዚያ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ እኔን ተሸናፊውን ምን ላይ እንዳስቀመጠኝ ይደረድራል። ቃል ካጠረው ይሳቅበታል። ካላጠረው የሚሳቀው በእኔ ነው። ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ልምምድ፣ በጭለማ፣ ከምድጃ ዳር።

ላሊበላዎችም ይመጡ ነበር። ጎህ ሳይቀድ፣ ገና ዶሮ ሳይጮህ፣ ከደጅ የወንድና የሴት ድምፅ ይነሣል። ይቀባበላሉ። የአባቴን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚመጡ በስሙ ይጠሩታል። ለሰጠ ይመርቃሉ። ያልሰጠ ደግሞ እስኪሰጥ አይተኛም። ፀሐይ ስትወጣ ሄደዋል። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላየሁም። እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ በድምፃቸው ብቻ ሰዎች እሠራ ነበር፤ ሴትየዋ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሰውየው አጭር፣ ጢማም። ኋላ ለሬዲዮ ድራማ መጻፍ ስጀምር ሥራው አዲስ አልሆነብኝም።

ከሁሉም ግን በላ ልበልሃ። በእኔ ልጅነት ዛፍ ሥር የሚቆመው የድሮው ሙግት ቀርቷል። ክርክር ያለው ሰው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ነበር የሚሄደው። አያቴና አንድ የድሮ ባላንጣው ግን በሠርግ ላይ ለጨዋታ ይሟገቱ ነበር። አያቴ ይነሣል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ያስተካክላል። ይህን ማስተካከል ብቻ ልጆቹ ተሰብስበን እናየዋለን፤ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ዘንጉን ይጨብጣል። ሦስት እርምጃ ወደፊት ይራመድና "ተጠየቅ!" ይላል። ያኛው "ልጠየቅ!" ይላል። ከዚያ ግጥም በግጥም ነው። ማር ይወራረዳሉ፣ በቅሎ ይወራረዳሉ። ሁለቱም በቅሎ አልነበራቸውም። ሙግቱ ከሃያ ዓመት በፊት ስለሞተች አንዲት ጊደር ነበር። ማን እንደረታ እስካሁን አላውቅም። ተዋናይ ወደ መድረክ ሲገባ ዝም ብሎ ሲገባብኝ የምቆጣው በአያቴ ጋቢ ምክንያት ነው።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ። የአጎቴ ሬዲዮ ነው፤ በመንደሩ ሁለተኛው። ባትሪው ሲደክም በጥርስ ይነከሳል። ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከበርበሬው ጎን አራት ባትሪ ተሰጥቶ ማየት የተለመደ ነገር ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲተርክ ቤቱ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆማል። ታሪኩ የእኛው የጎጃም ነው። "ዲማ" የሚለው ቃል ሲሰማ አንድ ሽማግሌ "ዲማን እኮ አውቀዋለሁ! ተምሬበታለሁ!" ብለው ተነሡ። ሰው ሁሉ "ዝም በሉ አባ!" አላቸው። ተቀመጡ። ግን ያን ማታ ሁላችንም ሽማግሌውን በሌላ ዓይን አየናቸው። ሬዲዮ ውስጥ ያለ ቦታ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን ነበራ!

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መጻፍ አለብኝ። ዞሬ ዞሬ የመጣሁት እሱ ጋ ነው።

አባቴ አይናገርም ነበር። እማዬ ለዶሮ ትናገራለች፣ እትዬ ለድመት ይናገራሉ፣ አባባ ግን ለበሬ እንኳ ከ"ና" እና "ሂድ" ያለፈ ነገር አይለውም። ሲያርስ ጅራፉ ይናገርለታል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ምራን ያለሰልሳል። ለማታውቁት፣ ምራን ሞፈሩን ከቀንበር የሚያስረው ጠፍር ነው። ቆዳ ስለሆነ ይደርቃል፣ ከደረቀ ይበጠሳል። ስለዚህ ቅባት እየቀቡ፣ በእጅ እያሹ፣ በጥርስ እየሳቡ ማለስለስ ነው። የአባቴን ጣቶች የማስታውሳቸው በዚህ ነው። ከፊቱ ይልቅ ጣቶቹ ይታዩኛል።

ሁለት በሬ ነበረን። ቡሬና ዳለቻ። ቡሬ የእኔ ወዳጅ ነው፤ ከጥጃነቱ ጀምሮ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ አለፍኩ። ዘጠነኛ ክፍል ደብረ ማርቆስ ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ የቤት ኪራይ አለ፣ ደብተር አለ፣ ስንቅ አለ። አባባ ሁለት ሳምንት ምንም አላለም። አንድ የገበያ ቀን ሌሊት ተነሣና ቡሬን በገመድ አሰረ። "ተነሥ፣ ትነዳልኛለህ" አለኝ።

ነዳሁት። እንግዲህ የራሴን ወዳጅ ለራሴ ትምህርት ከኋላው እየነዳሁ ገበያ ወሰድኩት። ገዢው መጣ። ጥርሱን አየ። ሻኛውን ጨበጠ። ወዲያ ወዲህ አስኬደው። ቡሬ እኔን ያያል። አባባ ሰማይ ያያል። ገንዘቡ ተቆጠረ። ገዢው ቡሬን በራሱ ገመድ አሰረና ወሰደው። የእኛን ገመድ አባባ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ጫማ ተራ ይዞኝ ሄደና "እግርህን አሳይ" አለኝ። ኮንጎ ጫማ ገዛልኝ። እስከ ቤት አልተነጋገርንም።

አንድ በሬ ያለው ገበሬ አያርስም። አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህ መቀናጆ ይባላል። አንድ ቀን ያንተን ማሳ፣ አንድ ቀን የእሱን። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም፤ የዘር ሰዓት ሲመጣ የእሱ ቀን ከሆነ ቆመህ ታያለህ። አባቴ በመቀናጆ ስንት ክረምት እንዳረሰ ልቁጠር ብል እችላለሁ። በየክረምቱ እኔ አንድ ክፍል እያለፍኩ ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1970 ነው። እኔ የገባሁት ከዚያ ዓመታት ቆይቶ ነው። "ምን ትማራለህ?" ሲሉኝ "ቴአትር" ማለት ከብዶኝ "ቋንቋ" እል ነበር። አንድ ሙሉ በሬ ለቴአትር ሄደ ብሎ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል?

እዚያ የአማርኛ ተውኔትን ታሪክ ሲያስተምሩን ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ" ነው። ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው። በእንስሳቱ አፍ የዘመኑን አስተዳደር ሸነቆጡበት። ተውኔቱ ታየ፣ ወዲያው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ክፍል ውስጥ ሁሉም በቁም ነገር ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ የማየው እማዬን ነው፣ ዶሮዋን ስታባርር። ዘዴው ያው ነው። ቤተ መንግሥቱም ዶሮ ጌሾ እንደማትበላ ያውቅ ነበር፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ዮፍታሔ ንጉሤ ቀጥሎ መጣ። የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ እኛ አገር ማለት ነው። ከቅኔ ቤት ነው በቀጥታ ወደ መድረክ የተሻገረው። ቅኔ የተማረ ሰው ነገሩን በሰም ጠቅልሎ ወርቁን ለሰሚው ይተውለታል። አንዳንድ ሰው የእኛ ቴአትር ከውጭ የመጣ ነው ሲል እሰማለሁ። አዳራሹ፣ መጋረጃውና ትኬቱ እሺ፣ መጥተው ይሆናል። ነገርን አዙሮ መናገሩን ግን ማንም አላመጣልንም። እንዲያውም ብዙ ስላለን አንዳንዴ ቢቀንስ አልጠላም።

በጣም የምቀናበት ግን መንግሥቱ ለማን ነው። በኮሜዲዎቹ አይደለም፤ በእነሱማ ማን አይቀናም። አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን ቁጭ አድርጎ አናግሯቸው፣ የሕይወት ትዝታቸውን ከአንደበታቸው መዝግቦ በ1959 አሳተመው። አነጋገራቸው ሳይቃና፣ ወደ መጽሐፍ ቋንቋ ሳይገባ፣ እንደወረደ። የዚያን ሰው ኮሜዲ የሚያነብ ጆሮው ከየት እንደመጣ ለማወቅ እሱን መጽሐፍ ያንብብ። እኔም ይህን ባደርግ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ግን የእኔን አባት ቴፕ ይዤ ብቀርበው የሚቀዳው የዳለቻ ማመንዠክ ነበር።

ኑሮውን በአጭሩ ልለፈው። ተውኔት እንጀራ አይሆንም። ስለ ኤችአይቪ ድራማ ጽፌያለሁ፣ ስለ እጅ መታጠብ ጽፌያለሁ፣ ስለ ሽንት ቤት ብቻ አራት ጽፌያለሁ። አላፍርባቸውም። ከአራቱ አንዱ ጥሩ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙሉ ተውኔቴን የጻፍኩት አባባ በሞተ በዓመቱ ነው። ስለ ቡሬ ነው። ስለ አንድ አባት፣ አንድ ልጅና የተሸጠ በሬ። በሬ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ገመዱ ብቻ ነው የሚታየው። ጽሑፉን ይዤ ወደ አንድ ቴአትር ቤት ሄድኩ። ለግምገማ ተሰጠ። ከወራት በኋላ አስተያየቱ መጣ። ከሁሉም አንዱ መስመር እስካሁን በቃሌ አለ። "ገበሬዎቹ በጣም ይራቀቃሉ። ገበሬ እንዲህ አያወራም።"

መጀመሪያ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመድረክ ገበሬ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የተጣፈ ቁምጣ፣ ከቁመቱ የረዘመ ዱላ፣ ጎርነን ያለ የውሸት ዘዬ። ገና ሲገባ ይሳቃል። ምንም ሳይናገር። የሊፍት በር ያስፈራዋል፣ መስተዋት ውስጥ ራሱን አይቶ እጅ ይነሣል። ይህን የሚጽፈው ሰው እትዬን አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮ ለድመታቸው በሚናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር አፈር ድሜ ያበሉት ነበር። ጽሑፉ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆየ። እኔም አላሻሻልኩትም፤ በእልህ። ኋላ ሌላ ቦታ ሌላ አዘጋጅ ወደደው።

ልምምዱ ላይ የዶሮዋን ትዕይንት አስገብቼው ነበር። እናትየዋን የምትጫወተው ልጅ ጎበዝ ናት፣ ድምፅ አላት፣ ዕንባ አላት። ግን "አንቺ ሌባ!" ስትል ዞራ ጎረቤቷን ታያለች። አስቆምኳት። "ለዶሮዋ ነው የምትናገሪው" አልኳት። "ጋሼ፣ ዶሮዋ እኮ የለችም" አለችኝ። እውነቷን ነው። መድረኩ ላይ ዶሮ አልነበረም። ሁለት ቀን ደከምን። በሦስተኛው ቀን የመድረክ ሠራተኛው ዝም ብሎ አንድ እውነተኛ ዶሮ ከገበያ ይዞ መጣ። ልጅቷ ዶሮዋን ለመያዝ ስትሮጥ ጎረቤቷን ረሳቻት። ያኔ ቃሉ ሁሉ ተስተካከለ። ዶሮዋን ከዚያ በኋላ ወሰድናት፤ ልጅቷ ግን ባዶው ቦታ ላይ ማየቷን አላቆመችም። (ዶሮዋ ምን እንደሆነች አትጠይቁኝ። ፋሲካ ቅርብ ነበር።)

ተውኔቱ ሲከፈት እማዬን ከአገር ቤት አስመጣኋት። አዲስ አበባን ያኔ ነው መጀመሪያ ያየችው። በብሔራዊ ቴአትር በኩል ስናልፍ የድንጋዩን አንበሳ ቆማ ብዙ አየችው። "ይሄ ምን ሆኖ ነው የተቆጣው?" አለች። "ሐውልት ነው እማዬ" አልኳት። "እሱንማ አየሁት፣ ምን ሆኖ ነው ያልኩህ" አለችኝ። መልስ የለኝም። እስካሁንም የለኝም።

አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። መብራት ሲጠፋ እጄን ያዘችኝ። አባትየውን የሚጫወተው ሰው ገባና "እንደምን ዋላችሁ" አለ፤ ለቤተሰቡ ነው። እማዬ ጮክ ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ዋልክ!" አለችው። አዳራሹ ሳቀ። ተዋናዩ ግን ቀልጣፋ ነው፤ ወደ እሷ ዞሮ በአክብሮት እጅ ነሣና ቀጠለ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተናገረችም። የዶሮዋ ትዕይንት ላይ ሁሉም ሲስቅ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ስለ እትዬ አስባ ይሆናል፤ እትዬ ያኔ አርፈዋል።

በሦስተኛው ገቢር አባትየው ከገበያ ይመለሳል። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው። ምድጃ ዳር ተቀምጦ ይናገራል። የጻፍኩለት ሦስት ገጽ ነበር። ስለ መሬት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ድህነት። በሬው እንዴት እንዳየው ይናገራል። ሲጽፉት እንባ የሚያመጣ ዓይነት ነገር ነው። ሰው ያለቅስ ነበር፤ ተነሥተው ያጨበጨቡ ነበሩ። በዚያ ንግግር በጣም እኮራ ነበር።

ማታ ቤት ገብተን ቡና አፈላሁላት። ስለ ተውኔቱ አላነሣችም። እኔም ፈራሁ። ሦስተኛው ስኒ ላይ "ሰውየው ደህና ነው" አለች። "የትኛው?" አልኳት። "አባትህ የሆነው። አረማመዱም ደህና ነው። ግን ብዙ አወራ።"

"እማዬ፣ ቴአትር እኮ ነው" አልኳት።

"አውቄያለሁ። ግን ያን ማታ አባትህ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"ምንም አላለም። እራቱን በላ። ምራኑን ይዞ ተቀመጠ። አንተ ጫማህን አቅፈህ ተኝተህ ነበር።" ስኒውን አስቀመጠች። "ከዚያ ወጣ። ጭድ ይዞ በረት ገባ። ለዳለቻ አስቀመጠ። በቡሬም በኩል አስቀመጠ።"

"ረስቶት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።" ቆይታ ደግሞ "ጠዋት ቀድሜው ተነሥቼ የቡሬን አነሣሁት። እሱም የት ሄደ አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩት።"

ስንት ዓመት አብረው ኖሩ! ልጅ አሳደጉ፣ አንዱ አንዱን ቀበረ። ያን ጭድ ግን አንድ ቀን አላነሡትም።

በማግስቱ ጠዋት አዘጋጁ ጋ ደወልኩና ሦስቱን ገጽ እንድናወጣቸው ነገርኩት። "አበድክ? ተውኔቱ እኮ እሱ ነው!" አለኝ። ተዋናዩ አኮረፈ፤ አልፈረድኩበትም፣ ከእጁ የወሰድኩበት ትልቁን ነገር ነው። በንግግሩ ፋንታ እውነተኛ ምራን አስመጣንለት። ከአገር ቤት፣ በእማዬ በኩል፣ የአባባን። ሁለት ሳምንት ማለስለስ ተለማመደ። ጣቱ ቆሰለ። በኋላ ማታ ማታ ሲገባ መብራቱ ዝቅ ይላል፣ እሱ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ጠፍሩን ያሻል። አራት ደቂቃ። መድረክ ላይ አራት ደቂቃ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም የሠራው ያውቃል። የመጀመሪያው እሁድ ወንበር ተንቋቋ፣ ሰው ሳለ። አንድ ልጅ ከኋላ "ምንድን ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀ። እናቱ "ዝም በል" አለችው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ዝም አለ።

ጭዱንም ሞክረነው ነበር። አንድ ልምምድ ላይ ተዋናዩ ተነሥቶ ሁለት እቅፍ ጭድ ይዞ በሁለት ቦታ አስቀመጠ። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ምናልባት በጣም ጥሩ አድርጎ። ሁለተኛውን ሲያስቀምጥ ትንሽ ቆም አለ፣ ጭዱን በእጁ ደባበሰ። ከአዳራሹ ጀርባ ሆኜ ሳየው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አባባ አይደባብስም ነበር። አስቀምጦ ይወጣል። ተዋናዩን "እንዳታቆም፣ ዝም ብለህ አስቀምጠህ ውጣ" አልኩት። ሞከረ። አልሆነም፤ ሳይቆም ሲያልፍ ደግሞ ተመልካቹ ጭዱን አያየውም። አወጣነው።

ያ የመድረክ ቅጂ አሁንም አለኝ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቡና ፈስሶበታል። ሦስተኛው ገቢር ላይ ከተሰረዙት ሦስት ገጾች ጎን በእርሳስ "ጭድ" የሚል ቃል ጽፌያለሁ። ከሥሩ የጥያቄ ምልክት አለ። ተውኔቱ በየተወሰነ ዓመቱ እንደገና ሲሠራ አዲሱ አዘጋጅ ይደውልልኛል። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ 'ጭድ' የሚል ነገር ተጽፏል፣ ምንድን ነው?" ይለኛል። የኮርማ ስም ነው ብዬ ያለፍኩበት ጊዜ አለ።